ባለ ገበሩ አረንጓዴ ማልያ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ዋናው መንገድ ዳር አዲስ የተከፈተው የስፖርት ልብስ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ሌላ ሰው ልብም አይለው፤ አዲስ ማልያ ከፌስታሉ ሲወጣ የሚሸተው ላስቲክ ላስቲክ፣ ማጣበቂያ ማጣበቂያ የሚል ሽታ ነው። እኔን ግን እግሬን ተብትቦ አቆመኝ። ሽንኩርቴን በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ዘው ብዬ ገባሁ። ሱቁ መስታወት በመስታወት ነው፤ ራስ የሌላቸው የፕላስቲክ ሰዎች ቱታ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ሻጯ ሸንቃጣ ልጅ ናት፤ አንዱን ጎረምሳ ማልያ አልብሳ "ዞር በል፣ ሳቅ በል" እያለች በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች። "ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?" ብላት፣ "ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ እማማ። ማን ምን እንደገዛ ሰው ሲያይ ሌላውም ይመጣል" አለችኝ። ወይ ጉድ! ማን ምን እንደገዛ! ለዚህች ለአንዲት ነገር ስል እኔ ባንቺአየሁ አንድ ቀን በሁለት ከተማ ሕዝብ ፊት ቆሜ እንጀራዬን ላጣ እንደነበር ይቺ ልጅ በምን ታውቃለች? አልተቆጣኋትም። ገበያ ይቅናሽ ብያት ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ሐሳቤ ከድሮው ሱቅ አልወጣም።

ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ የስፖርት ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ብቻ ነበሩ። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወደ መስጊዱ ሲኬድ በስተግራ፣ ሰማያዊ የተቀባ ባለ ሁለት ተከፋች በር ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ አናት ላይ የሚሮጥ ሰው የተሳለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሠዓሊው ቸኩሎ ይሁን ሰክሮ እንጃ፣ የሯጩ አንድ እግር የሌላውን እጥፍ ያህላል። ሸራ ጫማ ሰባት ብር ከሃምሳ ነበር። ወፍራሙ ካልሲ፣ አፉ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ያለው፣ አንድ ብር ከስሙኒ። ቱታ ከነሱሪው ሃያ ሁለት ብር፤ ውድ ነው ተብሎ ሰው ሦስት ቅዳሜ ተመላልሶ ነው የሚገዛው። ታኬታማ ከምስማር ላይ በክሩ ተንጠልጥሎ የሚታይ ጌጥ ነበር፤ ጎረምሶቹ ገብተው ጥርሱን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ "እህ" ብለው ይወጣሉ። ዛሬ በሰባት ብር ከሃምሳ የጫማ ማሰሪያም አይገኝ። አይ ጊዜ! ሱሪው ሁሉ ከታች ሰፊ፣ የወንዱ ጠጉር እንደ ጎፈር የቆመ፣ ራዲዮ ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ ዘፈን የሚሰማበት ዘመን ነው። ማን ይገዛን እንደነበር፣ ምን እየሆነ እንደነበር ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ሱቁን ነው።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ተድሬ፣ አልሆን ብሎኝ ፈትቼ፣ ደባርቅ መጥቼ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ጫፍ እየቀመቀምኩ እኖር ነበር። የሐጂ ሱቅ ከጎናችን ነው። ሐጂ ኑሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠርተው፣ "ባንቺ፣ ሴት ተማሪዎች ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ቁምጣ ሊገዙ ይመጡና እኔን ሲያዩ አፍረው ይመለሳሉ። ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። ልቤ ዘለለ። "ዕቃ መሸጥ ማንም ይለምደዋል" አሉኝ ቀጥለው፤ "እኔ ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እዚህ ሱቅ ማን ምን እንደገዛ ለማንም አትናገሪም። ለእናትሽም፣ ለወንድምሽም። አንድ ቀን አፍሽ ካመለጠሽ፣ በዚያው ቀን እሸኝሻለሁ።" እኔም እሺ አልኩ። ከተማው ግን ሳቀብን። ፈት ሴት፣ ያውም የዳባት፣ ምላሷን ይዛ ልትኖር! አንድ ወር አትቆይም ተባለ። ሐጂ ካባረሩኝ ደግሞ ልብስ ሰፊው በቦታዬ ሌላ አስገብቷል፤ የሚቀረኝ ዳባት ተመልሼ በአባቴ ቤት ጥግ ተቀምጬ፣ ከፈታሁት ባል የሚያስታርቀኝ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። እሱን ከማደርግ ሊማሊሞ ገደል ብገባ ይሻለኝ ነበር።

ለመሆኑ ምን ምስጢር አለው የስፖርት ልብስ? ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ተዉኝ! እናንተ የደባርቅን ብርድ አታውቁትም። ጥር ላይ ውርጩ መሬቱን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ከተራራው የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይቆጥራል። ስለዚህ ሐጂ ከአዲስ አበባ ሲያመጡ የሚመርጡት ባለ ገበሩን ነው፤ ውጪው የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ፣ ጠጉር ያለው። እንደዚያ ያለ ቱታ የሚገዛን ሯጭ እንዳይመስላችሁ። የሚገዛን የበረደው ሁሉ ነበር። በቅሎ ነጂዎች ከቡይት ራስ ወርደው ይገዛሉ። ሙሽራ ከቀሚሷ ሥር ልትለብሰው ይገዛላታል። አንድ ትልቅ መሪጌታ፣ ከደረስጌ በኩል ይሁኑ ከሌላ ደብር አልናገርም፣ በር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አይተው ገቡና፣ "ልጄ ሆይ፣ ለማሕሌት የምንቆምበት ድንጋይ ጉልበቴን በላው። ያንን የሯጮች ሱሪ አምጪልኝ፤ ጥቁር ይሁን፣ ከቀሚሴ ሥር እንዳይታይብኝ" አሉኝ። የወገቡን ልክ እንደ ደንቡ ሱሪውን አንገታቸው ላይ ጠምጥሜ ለካሁላቸው፤ መልበሻ ክፍል የለንማ! ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው ዓይናችን ይገጣጠማል፤ ሁለታችንም እንደማንተዋወቅ ፊታችንን እናዞራለን። የደባርቅ ሰው ከጋቢው ሥር ምን እንደለበሰ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥራዬ ይህ ነበር፤ ሰውን ሳያፍር ማልበስ። እወደው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ምስጢር ግን የኳሱ ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ደባርቅና ዳባት ይጋጠማሉ። ያ ግጥሚያ ኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከደባርቅ ዳባት የተጋባው፣ የተዋለደው፣ የተጣላው ሁሉ በዚያ ቀን ነው ሒሳቡን የሚያወራርደው። ደንቡም አንድ ነው፤ ቡድኑ የሚለብሰው ማልያ ቀለም ሜዳ እስኪገባ ድረስ አይታወቅም። ከታወቀ ተቃራኒው መተት ያሠራበታል፣ ዓይን ያስጥልበታል ይባላል። ማልያ የሚገዛው አምበሉ ብቻውን፣ በጆንያ ሸፍኖ፣ ነው። የደባርቅ አምበል መምህር ምሕረቱ ነበር፤ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የስፖርት አስተማሪ፣ ጨዋ ግን ግትር። የዳባቱ አምበል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሌ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሜ! ሙሌ በሆነ ባልሆነው ደባርቅ ይመጣና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ "እታለም፣ በሞቴ፣ እነሱ ምን ቀለም ነው የሚለብሱት?" ይለኛል። አላውቅም እላለሁ። መምህሩም ካልሲ ሊገዛ መስሎ ይገባና፣ "ወንድምሽ ምን እያሰበ ነው?" ይለኛል። አላውቅም። እናቴ ሳትቀር ሰው ልካ፣ "ከወንድምሽ ሐጂ ኑሩ በለጡብሽ?" አስባለችኝ። ያ ነገር ልቤን አቆሰለው፤ አፌን ግን አልከፈተውም።

እንግዲህ አንድ ዓመት ሐጂ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ወረዱ። ሱቁን ለኔ ብቻ ትተው ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። የቀረን ሙሉ የቡድን ማልያ ሦስት እሥር ብቻ ነበር፤ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። ከሁለቱ አምበሎች አንዱ መጣና አንዱን አረንጓዴ ወሰደ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ሌላው መጣ። ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ? እሱን አትጠይቁኝ። የኋለኛው ምን ብሎ እንደጠራኝ፣ እንዴት እንደተናገረኝም ደብቄ ነው የምነግራችሁ። ገብቶ ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው ኋላዬ በተሰቀለው በሁለተኛው አረንጓዴ ላይ ነው። ያን ዓመት እንደሁ አረንጓዴ የሚሉት ቀለም ወጣቱን ሁሉ አሳብዶት ነበር። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። "ቀዩን ውሰድ" እንዳልለው ይጠረጥራል፤ ዝም እንዳልል ጉድ ይፈላል። ቀስ ብዬ፣ "ይኼ ቀዩ እኮ ጥሩ ነው፣ ስፌቱም ጠንካራ ነው" አልኩ። ትኩር ብሎ አየኝና ማን አዞኝ ቀዩን እንደማሻሽጥ ጠየቀኝ። "ማንም።" ታዲያ ለምን አረንጓዴውን እደብቀዋለሁ? "አልደበቅሁም።" እንግዲያው አረንጓዴውን ላውርድለት። አወረድኩለት። ምን ላድርግ? ሌላኛው አረንጓዴ ወስዷል ብል ቃሌን በላሁ። በጆንያ ሸፍኖ፣ ደስ ብሎት፣ እያፏጨ ወጣ። ቀዩን በማግስቱ የዛሪማ ልጆች ወሰዱት፤ በዚያ የቆላ ንዳድ ባለ ገበር ማልያ ለብሰው ምን እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ውይ፣ አፌ! ግድ የለም፤ እነሱስ ለብሰውት ከተማውን ዞረውበታል፣ ምስጢር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን የጭንቅ ሰሞን ነበር። ጥምቀት ሲከበር ሰው ይጨፍራል፤ እኔ ታቦቱን ተከትዬ ስሄድ የሚታየኝ አረንጓዴና አረንጓዴ ነው። ለሐጂ እንዳልነግራቸው የሉም። የግጥሚያው ቀን ሜዳ ላይ ነገሩ ሲፈነዳ ሁሉም ወደኔ እንደሚዞር አውቀዋለሁ፤ ዳባቶች ደባርቅ ገዛት ይላሉ፣ ደባርቆች ለወንድሟ አደላች ይላሉ። ሱቁ ይዋረዳል፣ ሐጂ ያሰናብቱኛል። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ አንዱን ቱታ ሳጥፍ ስዘረጋ፣ ሳጥፍ ስዘረጋ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ስዘረጋው ተገልብጦ ወጣ፤ ነጩ ገበሩ ፊቴ ላይ በራ። ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። ግን ሰው ይቀበለኛል ወይ? እሱን አላወቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ስል። የጎሉ ቋሚ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ዳገቱ ደግሞ ጋቢ በለበሰ ሰው ነጭ ሆኗል። ዳባቶች በሁለት የጭነት መኪና እየጨፈሩ መጡ፤ መኪናው ላይ ሸራ ጋርደው ለበሱ። የኛዎቹ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ለበሱ። ከጎንደር የመጣው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ፤ ከወዲያም ከወዲህም እየሮጡ ወጡ። አረንጓዴ! አረንጓዴ! ከእግር እስከ ራስ አንድ ዓይነት፣ ወንድማማች የመሰሉ! መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ፣ ሳቁ ወዲያው ወደ ስድብ ተለወጠ። ዳኛው፣ "እኔ እንዲህ አላጫውትም። አንዱ ይቀይር፣ አለዚያ ወደ ጎንደር ልሂድ" አለ። ማን ይቀይር? "ቀድመን የገዛነው እኛ ነን!" አለ ሙሌ። "እኛ ነን እንጂ!" አለ መምህሩ። የገዛችሁበትን ቀን ተናገሩ ሲባሉ፣ ሁለቱም ያንኑ አንድ ቅዳሜ ጠሩ። ከሁለቱ አንዱ ዋሸ። ማን እንደሆነ የምናውቀው ደግሞ ራሱ ውሸታሙና እኔ ነን።

"ባንቺ ትመጣ! ሻጯ ትናገር!" ተባለ። እየገፈተሩ መሐል ሜዳ አስገቡኝ። የሱቁን ቱታ ጃኬት፣ ሰማያዊውን፣ ለብሼ ነበር። ሙሌ ክንዴን ይዞ፣ "እታለም፣ ተናገሪ! በእናታችን!" ይላል። መምህሩ፣ "እህቴ፣ እውነቱን ብቻ" ይላል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዳገቱ፣ "ተገዝታ ነው!" "ዱሮስ የዳባት!" "ዱሮስ ፈት!" ይዘንባል። በዚያ መሐል ሕዝቡ ተከፈለና ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሐጂ ኑሩ! አውቶቡሱ መናኸሪያ እንዳወረዳቸው ወሬውን ሰምተው፣ የመንገዱ አቧራ ከኮታቸው ሳይራገፍ በቀጥታ መጥተዋል። ደስ ይበለኝ ልደንግጥ አላውቅም። ፊቴ ቆሙ።

"ባንቺ፣ ማን እንደቀደመ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ ሐጂ።"

"ተናገሪ ብልሽስ?"

እንጀራዬ በእጃቸው ነው። የተከራየኋት ክፍል፣ ሱቁ፣ ለብቻዬ የቆምኩባት ያቺ ኑሮ፣ ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። "ሐጂ" አልኳቸው፣ "ተናገሪ ካሉኝ ሥራውን ትቼልዎት እሄዳለሁ እንጂ አልናገርም። ከፈለጉ ለእርስዎ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ፤ ለሜዳ ግን አልናገርም።"

ሐጂ ያንን ድምፅ የሌለውን ሳቃቸውን ሳቁ። "ለጆሮዬም አልፈልገውም" አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ሰማችሁ? ይቺ ሴት ለእኔም አልተናገረችም። ሁላችሁም ከኔ ሱቅ ገዝታችኋል። ዛሬ የነሱን ከተናገረች ነገ የናንተን ትናገራለች። ትናገር የሚል እጁን ያውጣ!" ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንድ ትልቅ መሪጌታ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አንዱ የቡይት ራስ በቅሎ ነጂ ጋቢውን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረገ። ሲጮሁ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ያዘች። ልብሱን ያልሸፋፈነ አልነበረም፤ አንዲት እጅ እንኳ አልወጣችም! እኔም ልቤ ሞቀ፣ ድምፄ ተመለሰ።

"ማንም አይቀይርም" አልኩ ጮክ ብዬ። "አንዱ ይገልብጠው! ገበሩ ነጭ ነው፣ ወደ ውጪ ገልብጠው ይልበሱት!" አሁን ደግሞ ሌላ ጩኸት። "ገልብጦ መልበስ የሐዘን ነው!" "ገና ሳንሸነፍ እንልቀስ?" መምህሩ ሳይቀር ፊቱ ተኮሳተረ። እኔም፣ "ማን ይገልብጥ ካላችሁ፣ ኋላ የገዛው አይደለም። ባለቤቱ ነው። ዳባቶች እንግዳ ናቸው፤ የደባርቅ ሰው ደህናውን ለእንግዳ ሰጥቶ ነው የሚያድረው። ነው ወይስ ዘንድሮ ቀረ?" አልኳቸው። ይህን ይዘው ትንሽ አጉረመረሙ። "ለወንድሟ ብላ ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ያን ጊዜ ንዴት ያዘኝ። ጃኬቴን አወለቅሁ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፤ ገልብጬ ነጩን ወደ ውጪ አድርጌ ለበስኩት። "ሐዘን ከሆነ ይኸው፣ ቀድሜ ያዘንኩት እኔ ነኝ!" አልኩ። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ሐጂ ኑሩ ኮታቸውን አወለቁ። ያንን የክብር ኮት! ገለበጡት፤ ገበሩ አበባ አበባ ነበር፣ ቀይና ቢጫ፤ ማን እንደሰፋላቸው እንጃ። ለብሰውት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። ደባርቅ እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሐጂም ስቀው እንባቸው ወረደ። መምህር ምሕረቱ ራሱን ነቅንቆ ማልያውን በራሱ በኩል ሳበው፤ ልጆቹም ተከተሉት።

"ቁጥርስ?" አለ ዳኛው፤ ቁጥሩ በውስጥ ገብቷላ። ከሜዳው ዳር ድንች ቀቅላ ከምትሸጥ ሴት ከሰል ተቀበልኩና የእያንዳንዱን ጀርባ እየያዝኩ ቁጥሩን ጻፍኩ። አንዳንዱ ከሰሉ ሲነካው እየኮረኮረው ይፈነጥዛል፤ "ቁም አንተ!" እያልኩ በጥፊ አቆመዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ጨዋታው ተጀመረ። እንዴት ያለ ጨዋታ! ሙሌ መጀመሪያ አገባ፤ እልል አልኩ፣ ደባርቅ መሐል ቆሜ፣ ማን ይቆጣኛል? ከዕረፍት በኋላ መምህሩ አገባ፤ አሁንም እልል አልኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዱ የደባርቅ ልጅ፣ ከላቡ የተነሳ ቁጥሩ ጠፍቶ ጀርባው ጥላሸት የመሰለ፣ በራሱ ገጭቶ አስገባው። ሁለት ለአንድ! ዳገቱ ሁሉ ወደ ሜዳ ወረደ። ማልያው እንደተገለበጠ ልጆቹን በትከሻ ተሸክመው ከተማውን አዞሯቸው፤ እኔንም ሴቶቹ አንጠልጥለው ወሰዱኝ። ጠዋት ፈት ያሉኝ እነሱ፣ ከሰዓት "የኛ ባንቺ" አሉኝ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ እግር ማስገቢያ አጣ። ወጣቱ ሁሉ ባለ ገበር ይገዛል፣ ገዝቶ እዚያው ይገለብጣል። ዳባትም ደረሰ፤ የነሙሌ ሰፈር ልጆች ገልብጠው ለብሰው መናኸሪያ ይንጎራደዳሉ። አንዲት ባልቴት፣ "ልጆቹ ሁሉ ማን ሞቶባቸው ነው?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ሐጂ እሰየው ብለው አላመሰገኑኝም፤ እንዲያ ያለ አመል የላቸውም። ግን ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ሲወርዱ ሱቁን ጠብቂ ብለው አዝዘውኝ አያውቁም፤ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ትተው ይሄዱ ነበር። ስንት ዓመት ሠራሁ፤ ራሴ የመረጥኩትን ሰው አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ቤት ሠራሁ። አባቴ ቤት የገባሁት በእንግድነት ብቻ ነው። እናቴም ከመሞቷ በፊት፣ "ደግ አደረግሽ" ብላኛለች። ሐጂ ከዚህ ዓለም እስኪለዩ አንድም ቀን፣ አንድም ጊዜ፣ ማን ቀደመ ብለው አልጠየቁኝም።

ሌሎቹ ግን መች ይተዉኝ! ዘንድሮ በጥር የሙሌ የልጅ ልጅ ዳባት ተዳረች። ድንኳኑ ትልቅ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ወጣቱ ይጨፍራል። መምህር ምሕረቱም ከጎንደር መጥቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከሙሌ ጎን ተቀምጧል፤ ከዚያ ጨዋታ ወዲህ እንደ ወንድም ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ትንሽ ጠጅ ቀምሰው ያንን የድሮ ነገር አነሱት። "ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ዕለት" ይላል አንዱ። "ኧረ እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ ዕለት!" ይላል ሌላው። አንዱ ያን ጊዜ ዋሽቶ ነበር፤ አሁን ግን ዋሸ አልለውም፣ ራሱም አምኖታል፤ ዓይኑን ሳየው እንደሚምል ያስታውቃል። በመጨረሻ ሙሌ ተነስቶ ማይኩን ከዘፋኙ እጅ ነጠቀ። "እታለም!" አለ፤ ድንኳኑ በሙሉ ወደኔ ዞረ። "ሐጂም የሉም፣ ሱቁም የለም፣ እኛም ለመሄድ ተሰናድተናል። ዛሬ ካልተናገርሽ መቼ ልትናገሪ ነው?" ወጣቱ አጨበጨበ፤ ሙሽራይቱ ሳትቀር ቬሏን ገልጣ አየችኝ። ስልኮች ሁሉ ወደኔ ተቃጡ።

ተነሳሁ። ቀሚሴን አስተካከልኩ። ማይኩን ተቀበልኩና ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ ጎን ለጎን እንደ ተማሪ ቀና ብለው የሚጠብቁኝን፣ አንድ በአንድ አየኋቸው።

"ሁለታችሁም አረንጓዴ ያምርባችሁ ነበር" አልኩና ማይኩን ለዘፋኙ መለስኩለት።